ሼፊልድ፦ የካውንስል ምርጫው ጸሎተ ሐሙስ ላይ ዋለብኝ፤ ደግሞ ወረቀቱ ቁጥር አለው ይላሉ። እውነት ነው?

የጉለሌዋ
ሚያዝያ 2 ቀን 2016 (ኤፕሪል 10፣ 2024)

ሰላም ለዚህ ቤት። ለወትሮው አንባቢ ነኝ፤ የምጽፈው ሲቸግረኝ ብቻ ነው፤ ዛሬ ቸግሮኛል።

ሼፊልድ በርንግሬቭ ነው የምኖረው። ባለፈው ጥቅምት እጄን አንስቼ ለንጉሡ ማልኩና ዜግነት ወሰድኩ። ሰሞኑን ፖሊንግ ካርድ የሚሉት የምርጫ መጥሪያ በፖስታ መጣልኝ፤ ሐሙስ ሜይ 2 ምርጫ አለ ይላል። አንዱ ለካውንስሉ፣ አንዱ ለሳውዝ ዮርክሻየር ሜየር (ከንቲባ)። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስቆጥረው ሚያዝያ 24 ሆነ። ጸሎተ ሐሙስ! ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በባቡር ሌላ ከተማ ነው፤ ጠዋት ወጥቼ ስግደቱ፣ ሕፅበተ እግሩ፣ ቅዳሴው አልቆ ቤቴ የምገባው መሽቶ ነው። በዓመት አንድ ቀን ነውና አልቀርም። ምርጫውንም መቅረት አልፈልግም። በፖስታ ይሻለኛል? ወይስ እደርሳለሁ?

ሁለተኛው፣ ስሜ ነው። እዚህ አገር ስንመጣ ስማችንን እንዴት እንደሚያደርጉት ታውቃላችሁ። መንጃ ፈቃዴ ላይ (ፕሮቪዥናል ነው፣ ሁለቴ ወድቄያለሁ፣ አትሳቁ) ሰርኔሜ (የቤተሰብ ስም የሚሉት) የአባቴ ስም ነው። ካርዱ ላይ ግን አያቴ ሰርኔም ሆነው መጥተዋል፤ አባቴ የሉም። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ ሼፊልድ ድረስ መጡ ብዬ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ግን ፎቶ ያለው መታወቂያ ካልያዛችሁ አትመርጡም የሚለውን ሳነብ ሳቄ ቆመ። የመኖሪያ ካርዴን ዜግነት ሳገኝ መልሻለሁ። ፓስፖርቱን ገንዘቡ እስኪሞላልኝ ገና አላወጣሁም። ያለኝ መንጃ ፈቃዱና የዜግነት ምስክር ወረቀቱ ናቸው።

ሦስተኛ፣ የዋርዳችን (የምርጫ ቀጠናችን) አባላት ብዬ ስፈልግ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። ምርጫው ግን ለአንድ ወንበር ነው ይላል። ሁለቱስ? ለመሆኑ ይሄ ካውንስል የሚሉት በእኛ ቋንቋ ቀበሌ ነው? ክፍለ ከተማ ነው? እኔ የማውቀው ካውንስል ታክሱን ነው።

አራተኛውን መጠየቅ ትንሽ ያሳፍረኛል። ሥራ ቦታ አንዷ፣ «ድምፅ የምትሰጪበት ወረቀት ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ከስምሽ ጋር ይመዘግቡታል» አለችኝ። ውሸቷን ነው ብዬ ለሌላ ሰው ብነግረው «አዎ፣ አለው» አለኝ። እርሳስ ነው የሚሰጡት ደግሞ። እርሳስ!

እንዴት እንደሚያስፈራኝ ልንገራችሁ። በሕይወቴ የመረጥሁት አንዴ ነው፤ ግንቦት 7 ቀን 1997። ከእናቴ ጋር ገና ሳይነጋ ጉለሌ ሰልፍ ያዝን። ነጠላ ለብሰን፣ እናቴ በፌስታል ዳቦ ይዛ፣ ድምፅ የሰጠነው ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ነው። ጣቴ ላይ የቀቡኝ ቀለም ሳምንት ሙሉ አልለቀቀም፤ እናቴ በበረኪና ላስለቅቅልሽ ስትለኝ «ተዪው፣ ያምራል» ብያት ነበር። ለአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን ቅንጅት አሸነፈ ተባለ። የመረጥነው ሰው ግን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ቀረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። የእናቴ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነበር፤ «ማንን እንደመረጥን ያውቁብን ይሆን?» እያለች ስንት ወር እንዳሰበች። ወረቀቱ ቁጥር እንኳ አልነበረውም።

መጨረሻ የባለቤቴ ነገር። እሱ ኢንዴፊኒት (የጊዜ ገደብ የሌለው የመኖሪያ ፈቃድ) አለው፤ ፓስፖርቱ ግን የኢትዮጵያ ነው። መምረጥ አትችልም ተባለ። ከጎናችን ያለችው ኬንያዊት በሥራ ቪዛ የመጣችው አምና ነው፤ ለእሷ ግን ካርድ መጥቶላታል። ተሳስተው ነው ብዬ ልነግራት አስቤ መልሼ ተውኩት። እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ።


ባለታክሲው
ሚያዝያ 2

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ቀበሌ ነው ካልሽ ስኳርና ዘይት ትጠብቂያለሽ። አይሰጡም።

እኔ ካውንስሉን አለቃዬ ነው የምለው። ባጄን የሚያድሰው እሱ ነው፣ ታርጋዬን የሚሰጠው እሱ ነው። ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ደግሞ «ንፁህ አየር» ብሎ መሃል ከተማውን አጥሯል፤ አሮጌ ታክሲና ቫን በገባበት ቀን 10 ፓውንድ፣ ሎሪና አውቶቡስ 50። የቤት መኪና ነፃ ነው። እኔ ሃይብሪድ ገዝቼ ተገላገልሁ፤ ግን ያንን የወሰኑት ሰዎች በርሽን አንኳኩተው «ድምፅሽን ስጪኝ» የሚሉት ናቸው። ለንደን ያለው ፓርላማ ስለ እኔ ታክሲ አያውቅም። ስለዚህ ዝናብም ቢጥል እወጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ሎርድ ሜየሩን ከሜየሩ እንዳታደባልቂ። አሁን የምትመርጪው የሳውዝ ዮርክሻየር ሜየርን ነው፤ ባቡርና አውቶቡስ የእሱ ነው። ማርች 22 ላይ ሱፐርትራሙን (የከተማውን የመንገድ ባቡር) ከኩባንያ እጅ ወስደው ሕዝብ ያዘው አይደል፤ በእሱ በኩል ነው። ሎርድ ሜየር ሌላ ነው፤ የወርቅ ሐብል ያጠልቃል፣ ሪባን ይቆርጣል፣ የምክር ቤቱን ስብሰባ ይመራል። እሱን ሕዝብ አይመርጠውም፣ ካውንስለሮቹ በየዓመቱ ከመካከላቸው ያወጡታል። ማጂድ ማጂድን ታስታውሺው እንደሆነ፣ በ2018 በ28 ዓመቱ ሎርድ ሜየር የሆነው ሶማሌ፤ አረንጓዴ ቦት ጫማውን አድርጎ ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብሎ ፎቶ የተነሳው። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ኢትዮጵያ ስደተኞች ጣቢያ ስድስት ወር ኖሮ ነው እዚህ የመጣው። እኛ ጋ አርፎ የሄደ ልጅ ነው ብዬ ለተሳፋሪ ሁሉ እናገራለሁ።

ምርጫ ጣቢያው በር ላይ ሮዜት (የፓርቲ ምልክት) የለጠፈ ሰው «ቁጥርሽን» (የመዝገብ ቁጥርሽን) ቢልሽ አትደንግጪ። የፓርቲ ሰው ነው፤ የእሱ ደጋፊ ወጣ አልወጣ እያለ ይቆጥራል። አለመመለስ መብትሽ ነው።

የባለቤትሽን ነገር እኔ በአንድ ቃል ልመልስልሽ፦ አድዋ። እንግሊዝ የገዛው አገር ሰው ይመርጣል። እኛ አልተገዛንም፣ ስለዚህ ቁጭ እንላለን። ነፃነት ዋጋ አለው!


ጋሽ መዝገቡ
ሚያዝያ 3

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አለኝ፤ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። እኔ ሼፊልድ ምርጫ ጣቢያ ላይ ሦስት ጊዜ ሠርቻለሁ። መዝገቡን ይዞ ስም የሚሰርዘው ሰው ነበርሁ፤ ስሜን ከዚያ ነው ያወጡልኝ።

አስቸኳዩን ላስቀድም። ስምሽን ዛሬውኑ አስተካክዪ። መዝገብ የሚዘጋው ማክሰኞ ኤፕሪል 16 ሌሊት ነው። ጣቢያ ላይ ስም ሲለያይ የሚወስነው የጣቢያው ኃላፊ ነው። አንድ ፊደል ቢዛባ፣ ፀሐይን አንዱ ጋ በቲ አንዱ ጋ በኤስ ቢጀምሯት ማንም አይመልስሽም፤ በእኛ ሰው ይሄ ያልደረሰበት የለም። ሰርኔሙ ጭራሽ ሌላ ሰው ከሆነ ግን የሚያገናኝ ማስረጃ ይጠይቁሻል። አያትሽ ሥራ ላይ ከሚገቡ አባትሽን መልሻቸው። መንጃ ፈቃዱ ፕሮቪዥናልም ቢሆን ይሠራል፤ ጊዜው አልፎበትም ቢሆን ፎቶው አንቺን እስከመሰለ ድረስ ይቀበላሉ። መታወቂያ ጨርሶ የሌለው ሰው ካወቅሽ ነፃ የምርጫ ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ፤ ማመልከቻው እስከ ኤፕሪል 24 ነው።

የዜግነት ምስክር ወረቀትሽን ቤት ተዪው። አምና ይሄ የመታወቂያ ሕግ መጀመሪያ ሲወጣ አንዲት እናት፣ ሰባ ያለፋቸው የእኛው ሰው፣ የዜግነት ወረቀታቸውን ከነፍሬሙ፣ ከነመስታወቱ አቅፈው መጡ። ከግድግዳ ላይ አውርደውት ነው! «እናቴ፣ ይሄ አይሆንም» ማለት ለእኔ ቀላል አልነበረም። ቢሮው አይቶታል፣ ንጉሡ ፈርሞበታል ይሉኛል። በኋላ ሳንቲም ሊፈልጉ ቦርሳቸውን ሲከፍቱ የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርዳቸውን አየሁና «ይኸው!» አልኩ። በአውቶቡስ ካርድ መረጡ። እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ «ያ ሁሉ ክብር ለአውቶቡስ» ይሉኛል።

ሰዓቱ፦ ጣቢያው የሚከፈተው ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ የሚዘጋው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በሀበሻ ሰዓት ነው የምልሽ፤ አንዱ ወዳጄ በእንግሊዝኛ ነው ብሎ አስቦ ሲመጣ ተቆልፎ አግኝቶታል። ስለዚህ ወይ ከባቡርሽ በፊት ወይ ከስግደት መልስ ትደርሻለሽ። አራት ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ ካለሽ አይመልሱሽም። በፖስታ ከፈለግሽ ማመልከቻው ረቡዕ ኤፕሪል 17 ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በኢንተርኔት ነው፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥርሽን ያዢ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜሽ ስለሆነ በእግርሽ ሂጂ እላለሁ። ካርዱን ብትረሺውም ግድ የለም፤ መታወቂያውን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሰዎቹ አልዋሹሽም። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ቁጥር አለው። እኛ ስናድል በሌላ ዝርዝር ላይ ከወረቀቱ ቁጥር ጎን የአንቺን የመዝገብ ቁጥር እንጽፋለን። ስምሽ አይጻፍም፤ ቁጥር ነው። መጀመሪያ ስሠለጥን እኔም እንዳንቺ ነው የደነገጥሁት፤ «ይሄ እኮ ስለላ ነው» ብዬ አሠልጣኙን ጠየቅሁት። ሰውየው ሳቀና አስረዳኝ። አንድ ሰው በአንቺ ስም መጥቶ ቢመርጥ፣ ወይም አንዱ ወገን ተጭበረበረ ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ፣ ያንን የተጭበረበረ ወረቀት ከመሃል ነቅሶ ማውጣት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ዝርዝሩን ከወረቀቶቹ ጋር የሚያገናኝ ሰው የለም። ጣቢያው ሲዘጋ ዝርዝሩ ለብቻው በፖስታ ይታሸጋል፤ እኔ ራሴ ምላሴ እስኪደርቅ ልሼ አሽጌአለሁ። ወረቀቶቹ ቆጠራ ላይ ፊታቸው ወደ ላይ ነው የሚዘረጉት፣ ጀርባው እንዳይታይ። ታሽጎ አንድ ዓመት ይቀመጥና ይጠፋል። የአገራችን ፍርሃት አለብኝና እኔም ለራሴ ስንት ቀን አስቤበታለሁ፤ ያሳመነኝ የሕጉ ቃል አይደለም፤ ያሳመነኝ አብራኝ የምትሠራው እንግሊዛዊት ናት። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይታ «ማን ማንን መረጠ?» የሚል ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሏት አያውቅም። ስጠይቃት ጥያቄው ራሱ አልገባትም።

እርሳሱም እንደዚያው ነው። ቀለም ወረቀቱ ሲታጠፍ ይጋባል፤ እርሳስ አይጋባም። ካልተመቸሽ የራስሽን ቢክ ይዘሽ ግቢ፣ ማንም አይከለክልሽም። አንድ ኤክስ ለካውንስሉ፣ አንድ ኤክስ ለሜየሩ። የሜየሩ በ2022 አንደኛና ሁለተኛ ምርጫ ነበረው፤ ሕጉ ተቀይሮ አሁን አንድ ብቻ ነው። ሁለት ካደረግሽ ወረቀትሽ ይሰረዛል። ስምሽን ወይም ፊርማሽን አትጻፊ፤ በአገራችን ፊርማ ማክበር ነው፣ እዚህ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ኮሮጆ ያልነው እዚህ ጥቁር የላስቲክ ሣጥን ነው፤ አጥፈሽ ትከቺያለሽ።

ደግሞ ባለቤትሽ ወይም ልጅሽ «ላሳይሽ» ብሎ አብሮ ድምፅ ወደምትሰጪበት መጋረጃ እንዳይጠጋ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። አንዳንዱ ወንድማችን ለሚስቱ ማመልከት ይወዳልና ነው ይሄን የምለው። ዓይኑ የማያይ ወይም ማንበብ የሚያቅተው ሰው ግን ረዳት ማስገባት ይችላል፤ ቅጽ ይሞላል። ትንንሽ ልጆችም ከእናታቸው ጋር ይገባሉ።

ሦስት አባል፣ አንድ ወንበር ያልሽው፦ እዚህ ምርጫው በሲሶ ነው። ሼፊልድ 28 ዋርድ አላት፣ ለእያንዳንዱ ሦስት፣ በጠቅላላ 84። ሦስቱ በአንድ ቀን አይወጡም፤ ዘንድሮ አንዱ፣ በሚቀጥለው አንዱ፣ ከዚያ አንዱ፣ እያንዳንዱ አራት ዓመት ያገለግላል። አራተኛው ዓመት ያርፋል። ለምን ያርፋል ካልሽ፣ እነዚህ ሜትሮፖሊታን የሚባሉ 36 ወረዳዎች በ1974 ሲቋቋሙ ከበላያቸው የካውንቲ ምክር ቤት ነበረ፤ አራተኛው ዓመት የእሱ ነበር። በ1986 እሱ ፈረሰ፣ ቀኑ ባዶ ቀረ። ሟች የተቀመጠበት በርጩማ እንደማለት ነው፤ ማንም አላነሳውም። ሁሉም ቦታ ግን እንደኛ አይደለም፤ ጎረቤታችን ሮዘርሃም በዚሁ ሜይ 2 ቀን 59ኙንም ወንበር በአንድ ጊዜ ነው የሚመርጠው፤ በርሚንግሃምም ከ2018 ጀምሮ እንደዚያው ነው። እኔ ሲሶውን እወደዋለሁ። ሰው ቁጣው ሳይበርድ በዓመቱ ይናገራል።

ደግሞም ቁጣ ምን እንደሚሠራ እዚሁ አይተናል። ካውንስሉ በ2012 ከአንድ ኩባንያ ጋር የ25 ዓመት የመንገድ ውል ተዋዋለና በየመንገዱ ያሉትን ዛፎች ማስቆረጥ ጀመረ፤ 5,600 ያህል ተቆረጡ። በኖቬምበር 2016 ረስትሊንግስ ሮድ ላይ ሌሊት መጥተው ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ነው የቆረጡት። አሮጊቶች ዛፍ አቅፈው ተያዙ። ዛፍ! እኔ ያኔ «ዛፍ ለዚህ ያበቃል?» ብዬ ስቄ ነበር። ነገሩ እያደገ ሄዶ፣ «ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ለሁላችን መወሰናቸው ይቅር» የሚል ፊርማ ተሰበሰበና ሜይ 6 ቀን 2021 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከመቶ 65 ያህሉ «ይቀየር» አለ። ከ2022 ጀምሮ የካቢኔው አሠራር ቀርቶ ሁሉም ፓርቲ ያለበት ኮሚቴ ነው የሚወስነው። ካውንስሉም አምና በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። አሁን ብቻውን አብላጫ ያለው ፓርቲ የለም። ስለዚህ የአንቺ አንድ ወንበር ዋጋ አላት።

ቀበሌ ወይስ ክፍለ ከተማ ላልሽው፣ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይጠጋል፤ በላዩ ላይ ትምህርት ቤቱንም፣ ቆሻሻውንም፣ መንገዱንም፣ ቤተ መጻሕፍቱንም፣ የካውንስል ቤቶችንም ጨምሪበት። ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ግን የሚሄደው ለአረጋውያንና ለችግረኛ ልጆች እንክብካቤ ነው። ኬር ሆም የምትሠሩ ብዙ ናችሁ፤ የብዙዎቹ አዛውንቶች ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ።

ባለታክሲው አድዋ ያለው አሳቀኝ፤ ግን ግማሹ ነው እውነት። የሚመርጡት የእንግሊዝ፣ የአየርላንድና የኮመንዌልዝ አገር ዜጎች ናቸው፤ ኬንያዊቷ ቪዛዋ እስካልተቃጠለ ድረስ ካርዷ ትክክል ነው፤ አትንገሪያት። ኮመንዌልዝ ግን እንግሊዝ የገዛውን ብቻ አይደለም የያዘው። ሞዛምቢክ የፖርቱጋል ነበረች፣ በ1995 ገባች። ሩዋንዳ በ2009 ገባች። ቶጎና ጋቦን በ2022 ገቡ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአፄ ምኒልክ ላይ አታላክክ። ባልሽ ስኮትላንድ ወይም ዌልስ ቢኖር በዚሁ ኢንዴፊኒት ለአካባቢ ምርጫ ይመርጥ ነበር፤ እነሱ ሕጋቸውን ለሁሉም ነዋሪ ከፍተዋል። እንግሊዝ አልከፈተችም።


ማርታ ከሮም
ሚያዝያ 3

ጋሽ መዝገቡ የጣልያን ፓስፖርት ያለንን ረሱን! እኔ ልደታ ተወልጄ፣ ሮም አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ ሼፊልድ ዳርናል የገባሁት በ2015 ነው። የአውሮፓ ዜጋ በመሆኔ ለካውንስልም ለሜየርም እመርጣለሁ፤ ለፓርላማ ግን አልችልም። ከሜይ 7 ጀምሮ ሕጉ ይቀየራል፤ ከ2021 በፊት እዚህ ላልነበረ ሰው ለጥቂት አገሮች ካልሆነ አይፈቀድም። ለዚህ ምርጫ ግን ሁላችንም አለን፤ በአምስት ቀን አመለጥን። ሴትልድ ስታተስ (ለአውሮፓ ዜጎች የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ) ያላችሁ የሆላንድ፣ የስዊድን ፓስፖርት ያላችሁ «አይመለከተኝም» ብላችሁ ካርዱን አትጣሉት፤ አምና የእህቴ ባል ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ጥሎት ከቆሻሻ መጣያ አውጥቼለታለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሁለት ሰው እኩል ድምፅ ቢያገኝስ? ሥራ ቦታ ስንከራከር ነበር።


ጋሽ መዝገቡ
ሚያዝያ 3

ማርታዬ ይቅርታ፤ አውሮፓን ዘለልኳት።

እኩል ከሆነ ደግመው ይቆጥራሉ። አሁንም እኩል ከሆነ ዕጣ ነው። እየቀለድሁ አይደለም፤ ሕጉ ነው። በ2017 ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ሳውዝ ብላይዝ የሚባል ቦታ ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል መጥተው ጭራሮ ተሳበ፤ ረጅሙ የወጣለት ካውንስለር ሆነ። ዕቁብ የሚጥል ሰው አይገርመውም።


የጉለሌዋ
ሚያዝያ 4

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎት። ማርታ፣ ባለታክሲው፣ እናንተም ተባረኩ። ስሙን ትናንት ማታ በኢንተርኔት አስተካከልሁ፤ አባቴ ተመልሰዋል። ፖስታውን ተውኩት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጣቢያው ሲከፈት ደርሼ ከዚያ ወደ ባቡር እሄዳለሁ። ጣቢያው ቤቴ ጥግ ነው፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ።

ቁጥሩን ግን አሁንም እያሰብሁት ነው። የሚያስረዱኝ ገብቶኛል፤ የሚፈራው ሌላው ክፍሌ ነው።


የጉለሌዋ
ሚያዝያ 29 (ሜይ 7)

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! እንዴት ሆነ ላላችሁኝ፣ ይኸው።

ሐሙስ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስሁ። ነጠላዬን እንደለበስሁ ነው የሄድሁት፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ባቡር ስለምሄድ። በልቤ ሰልፍ ይኖራል ብዬ ነበር፤ ከእናቴ ጋር የያዝነው ዓይነት። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ ጎራ ያሉ ይመስላሉ። መዝገቡን የያዘችው ልጅ መንጃ ፈቃዴን አየች፣ አድራሻዬን ጠየቀች፣ ስሜን ለማንበብ ሁለቴ ሞከረችና ሳቀች፤ ጣቷን በመንገዳችን ስም ስታንሸራትት አየኋትና አባቴን አገኘቻቸው። ወረቀቶቹን ስትሰጠኝ ጎን ያለው ሰውዬ በሌላ ወረቀት ላይ ሲጽፍ አየሁ። እሱ ነው ያ ዝርዝር! ጋሽ መዝገቡ ባይነግሩኝ ኖሮ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። ቁጥር አለው። እንዲያውም ቆም ብዬ አነበብሁት።

እርሳሱ በክር ታስሯል። ቢክ ይዤ ነበር፤ ግን በእርሳሱ አደረግሁት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ጣት የሚቀባ ነገር አለመኖሩ ግን ቅር አለኝ። ወጥቼ እጄን ሳየው ምንም የለበትም። ለእናቴ በቪዲዮ ደውዬ «መረጥሁ» ስላት «የታለ ጣትሽ?» ነው ያለችኝ።

ባለቤቴ ሊሸኘኝ አብሮ መጥቶ ነበር። ኬንያዊቷም በዚያው ሰዓት ውሻዋን ይዛ መጣችና «አንተ ከማትገባ ያዝልኝ» ብላ ገመዱን ሰጥታው ገባች። እኛ ስንወጣ በሩ ላይ ሮዜት የለጠፉ አንዲት ሴትዮ እሱ ፊት ቆመው ደብተራቸውን ዘርግተው ቁጥሩን ይጠይቁታል። እሱም በእንግሊዝኛ፣ በጣም በትሕትና፣ «ቁጥር የለኝም እመቤቴ፤ ውሻውም የእኔ አይደለም» ይላቸዋል።